ከባሕር ሰርጓጅ እስከ ውሻ ሆድ፦ የአልትራሳውንድ ጉዞ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። የኛ ታማሚዎች ግን ባይደብቁም አፍ የላቸውም። ደብረ ዘይት ስንማር የውሻን ሆድ የምናውቀው በጣታችን፣ በማዳመጫና በቴርሞሜትር ነበር፤ ከባለቤቱ የምንሰማው ደግሞ ብዙ ጊዜ «ምግብ እምቢ አለ» የሚል ብቻ። ዛሬ ብዙዎቻችን አልትራሳውንድ ይዘናል። መሣሪያው በምን መንገድ እጃችን እንደገባ ባጭሩ ላውሳ።

መነሻው ሕክምና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ዣክና ፒየር ኩሪ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አገኙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፖል ላንዥቫን በዚሁ ጠባይ ተጠቅሞ ባሕር ሰርጓጅ መርከብን በድምፅ የሚያስስ መሣሪያ ሠራ። በ1955 የግላስጎው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ በቀዶ ጥገና የወጡ ዕጢዎችን መኪና ላይ ጭኖ ወደ ቦይለር ፋብሪካ ሄደ፤ የብረት ስንጥቅ መመርመሪያውን ሊሞክርባቸው። ውጤቱን በ1958 «ላንሴት» ላይ አወጣ።

ወደ እንስሳት የገባው በገበያ በኩል ነው። በ1950ዎቹ የከብት ስብ ውፍረት ተለካበት፤ በ1960ዎቹ የበግ እርግዝና ታየበት፤ በ1980 ፓልመርና ድሪያንኩር የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የባዝራን ማህፀንና እንቁላል ዕጢ አሳዩበት። ለውሻና ለድመት በስፋት የደረሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጥቅሙ ግን ትልቅ ሆነ። በራጅ ፊልም ላይ ፈሳሽና ሥጋ አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው፤ በአልትራሳውንድ ፈሳሽ ጠቁሮ ይለያል። መግል የቋጠረ ማህፀን ከእርግዝና የሚለየው በዚህ ነው። በ2004 ቦይሰንና ባልደረቦቹ መኪና የገጫቸውን 100 ውሾች ሆድ አራት ቦታ ብቻ እያዩ ፈሳሽ ፈለጉ፤ ብዙ የአልትራሳውንድ ልምድ የሌለው ሐኪምም ሊሠራው እንደሚችል አሳዩ።

ይሁንና ያ ጥቁር ፈሳሽ ደም ይሁን ሽንት ምስሉ ብቻውን አይነግረንም፤ በመርፌ ቀድቶ ማየት ግድ ነው። መሣሪያው ድምፅ ልኮ መልስ ያዳምጣል፤ የት እንደሚጠየቅ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምታስተምሩ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር አደራ፦ ተማሪው መጀመሪያ ሆዱን ይዳብስ፣ የጠረጠረውን ይጻፍ፣ ከዚያ በኋላ ስክሪኑን ይክፈት። የተሳሳተበትንም የሚያውቀው ያኔ ነው።