በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል

እነዋሪ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚቃኝ ሰው የሚታዩት የጅሩ ጥቁር አፈር፣ የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቀሩ ጽዶችና ወይራዎች ናቸው። ሰፊ የተፈጥሮ ደን ለማየት ደብረ ብርሃንን አልፎ በአንኮበርና በጣርማበር በኩል ወፍ ዋሻ መድረስ ያስፈልጋል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደሆነ ይነገራል።

ወፍ ዋሻ ስንቱን ድርቅ አሳልፎ እዚህ ደርሷል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ደን የሚገድለው ምንድን ነው? መልሱን ባሌ በ1992 ዓ.ም. አሳይታለች።

ዓመቱ በኦጋዴን ከብት በድርቅ ያለቀበት ነበር። በዚያው በጋ ባሌና ቦረና ላይ እሳት ተነሣ። ጫካ ቡና የሚበቅልበትን እርጥቡን የሐረና ደን ጨምሮ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ነደደ። ገበሬው በቅጠልና በአፈር ታገለ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ዘመቱ፤ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ። በመጨረሻ ያጠፋው የሰው ጉልበትና የደረሰው ዝናብ ነው።

እርጥብ ደን በአዘቦቱ እሳት አያስገባም። ጥላው መሬቱን ያረጥበዋል፤ የተለኮሰው ቶሎ ይጠፋል። ድርቅ ሲመጣ ግን ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል፤ የረገፈውም ደርቆ ማገዶ ይሆናል። ውኃ ወደ ላይ የሚስቡት የግንዱ ቧንቧዎች አየር ይገባባቸዋል። በአማዞን በተደረገ ሙከራ ዝናቡ ለዓመታት ሲቀነስ በብዛት የሞቱት ትልልቆቹ ዛፎች ናቸው። ትልቁ ሲወድቅ ፀሐይ ይገባል፣ ሣር ይበቅላል፣ ደኑ ይበልጥ ይደርቃል።

እሳቱ የሚደርሰው ያኔ ነው። የዝናብ ደን ዛፍ ከእሳት ጋር አላደገምና ቅርፊቱ ስስ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ሕያው ሽፋን ሙቀቱ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይሞታል። ስለዚህ ከጉልበት የማያልፍ እሳት እንኳ ዛፉን ሳያነድ ይገድለዋል። በብራዚል ማቶ ግሮሶ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደን እየለኮሱ ፈትነውታል፤ በ2007ቱ ድርቅ የተለኮሰው እሳት የገደለው ዛፍ ከሌላው ጊዜ እጅግ በለጠ።

በእኛ ደጋ ደግሞ ዛፉ ሁሉ እኩል አይደለም። አስታ ላዩ ቢነድ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። የሐበሻ ጽድ ግን ከነደደ ከጉቶው አይመለስም፤ ተስፋው ዘሩ ብቻ ነው። እሳቱ ቶሎ ከተደገመ ችግኙም አብሮ ይሄዳል።

ሰማዩን ማዘዝ አይቻልም፤ ክብሪቱን ግን መያዝ ይቻላል። የባሌን እሳት የለኮሰው መብረቅ ሳይሆን በአብዛኛው የሰው እጅ ነበር፤ ማሳ ለማስፋት፣ ግጦሽ ለማደስ፣ ማር ለመቁረጥ። ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የሰሜን ተራሮች ሲነዱም አገሪቱ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊ ጠበቀች።

ዝናብ በቀረ ዓመት መንግሥት እህል መቁጠር ይጀምራል። በዚያው ቀን የደን ጥበቃውን ማጠናከር፣ በደን ዳር ያለውን ገበሬ ማማከር፣ ከሰልና ማር ቆራጩን እሳት ማስቆም ነበረበት። አባቶች በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል ያሉት ስለ ሰው ነው። ለወፍ ዋሻ ግን ተረት ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው።