ዳዊት መድገም (በቤተሰብ)

መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ በየዕለቱ ማድረስ ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር በኦርቶዶክሳውያን ቤት ለትዳርና ለልጆች ሰላም ከሚደርሱ ጸሎቶች አንዱ ነው። «መድገም» ደጋግሞ ማለት ነው፤ ከ«ድግምት» ጋር ሥሩ አንድ ቢሆንም ሁለቱን ማምታታት ትልቅ ስሕተት ነው።

150ው መዝሙራት በ15 «ንጉሥ» ይከፈላሉ፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ይይዛል። ደጋሚው ጎህ ሲቀድ ዳዊቱን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቶ፣ ነጠላውን አመሳቅሎ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይጀምራል፤ እሳት የምታያይዘው እናት ድምፁን እየሰማች ታማትባለች። ማንበብ የማይችል ሰው በመቁጠሪያ 41 ጊዜ «እግዚኦ» ይላል።

በግዕዙ ቆጠራ 127ኛው መዝሙር ሚስትን በወይን፣ በማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ልጆችን በወይራ ቡቃያ ይመስላል፤ የቤተሰብን ፍቅር እንዲህ አቅርቦ የሚያሳይ ሥዕል ማግኘት ይከብዳል። ባልና ሚስት ሲቀያየሙ ግን ነገሩ ለጸሎቱ ብቻ አይተውም፦ የንስሐ አባት ተጠርተው ያስታርቃሉ፣ ቤቱንም ጸበል ይረጫሉ።