ሣሩን የበላው ማን ነው? የህንድና የፓኪስታን ቦምብ ታሪክ

በዛሬው ጥናታችን ስለ ሁለት ጎረቤት አገሮች እንነጋገራለን። ሰዎቻቸውን በየቀኑ እናገኛቸዋለን፤ የባቃላው ባለሱቅ ህንዳዊ፣ የታክሲው ሹፌር ፓኪስታናዊ ነው። ቆመው ሲያወሩ እኮ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። አገሮቻቸው ግን እያንዳንዳቸው ከ150 በላይ የኑክሌር ቦምብ ይዘው ተፋጠዋል። እዚህ እንዴት ደረሱ? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ 1947 ድረስ ሁለቱም በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር አንድ ላይ ነበሩ። ሲለያዩ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ካሽሚር የማን ናት በሚለው ጉዳይም ወዲያው ተዋጉ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተፈታም።

የቦምቡ ነገር የጀመረው ግን በሌላ ጎረቤት ነው። ህንድ በ1962 ከቻይና ጋር ተዋግታ ተሸነፈች። በ1964 ቻይና የኑክሌር ቦምብ ሞከረች። ህንድ ፈራች። በ1974 እሷም ፖክራን በሚባል የበረሃ ቦታ የራሷን አፈነዳች፤ ለሰላማዊ ጥቅም ነው አለች። ለቦምቡ የሚሆነው ፕሉቶኒየም የተገኘው ካናዳ ለምርምር ብላ ከሰጠቻት የኑክሌር ማብላያ ነበር።

ፓኪስታን ደግሞ ህንድን ትፈራለች። በ1971 በህንድ ተሸንፋ የምሥራቁ ክፍሏ ተገንጥሎ ባንግላዴሽ ሆነ። ዙልፊካር አሊ ቡቶ የሚባለው መሪዋ ገና በ1965፣ ህንድ ቦምብ ከሠራች ሣር በልተንም ተርበንም ቢሆን የራሳችንን እንሠራለን ብሎ ነበር። በ1972 ሳይንቲስቶቹን ሰብስቦ ሥራው ተጀመረ። በሆላንድ አገር ይሠራ የነበረው አብዱል ቃዲር ካን ደግሞ ዩራኒየም የሚያበለጽገውን መሣሪያ ንድፍ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በግንቦት 1998 ህንድ አምስት ቦምብ ሞከረች። ወሩ ሳያልቅ ፓኪስታን መልሷን ሰጠች። በሁለቱም አገር ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ፣ ጣፋጭ ተከፋፈለ።

ታዲያ ሣሩን የበላው ማን ነው? የፓኪስታን መንግሥት ማዕቀብ ይመጣል ብሎ ስለሰጋ፣ ቦምቡን በሞከረበት ቀን በባንክ ያለውን የውጭ ምንዛሪ ሁሉ አገደ። ዶላር ያስቀመጠ ሰው መንግሥት በተመነው ዋጋ በሩፒ ውሰድ ተባለ። ከእነዚህ መካከል ባሕር ማዶ ለፍተው ያጠራቀሙ ፓኪስታናውያን ነበሩበት። እስቲ ከየወሩ ደመወዛችን እየቆጠብን የምንልከውን እናስብ። አንድ ቀን ጠዋት ተነሥተን ገንዘባችን ታግዶ ብናገኘውስ?

ቦምቡ ደግሞ ጦርነት አላስቀረም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1999፣ ካርጊል በሚባለው ተራራማ አካባቢ ተዋግተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች አለቁ። በ2004 ደግሞ ካን በቴሌቪዥን ቀርቦ ጥፋቱን አመነ፤ ዕውቀቱ ለሊቢያ፣ ለኢራንና ለሰሜን ኮሪያ ተላልፎ ነበር። የሁለት ጎረቤታሞች ፍርሃት እኛ ወደምንሠራበት አካባቢም ደረሰ ማለት ነው።

ነገሩ የግድ እንዲህ መሆን ነበረበት? ብራዚልና አርጀንቲናን እንመልከት። እነሱም በወታደር አገዛዝ ዘመን እየተፎካከሩ በድብቅ የኑክሌር ሥራ ይሠሩ ነበር። የሲቪል መንግሥት ሲመጣ፣ በ1987 የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት አልፎንሲን የብራዚሉን ፕሬዚዳንት ሳርኔይን ጠርቶ ድብቁን ፋብሪካ ከፍቶ አሳየው። በዓመቱ ሳርኔይም የራሱን አሳየ። በ1991 የጋራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ የብራዚልን የአርጀንቲና ሰው፣ የአርጀንቲናን የብራዚል ሰው ይፈትሻል። ሁለቱም ቦምብ ሳይሠሩ ቀሩ።

ህንድና ፓኪስታንም ቢሆኑ አንድ ነገር አላቸው። በ1988 አንዳቸው የሌላውን የኑክሌር ተቋም ላለማጥቃት ተስማሙ። ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ ጥር 1 ቀን የተቋማቱን ዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ በተጣሉበት ዓመት እንኳ አላቋረጡም። ትንሽ ናት፣ ግን በሩ ጨርሶ አልተዘጋም።

ለውይይት፦
1. የብራዚልና የአርጀንቲና መሪዎች በራቸውን ለመክፈት ያስቻላቸው ምን ይመስላችኋል?
2. ከጎረቤቱ ጋር በፍርሃት የሚኖር ሰው ታውቃላችሁ? መጀመሪያ በሩን መክፈት ያለበት ማን ነው?
3. መሪዎች ሣር እንበላለን ሲሉ የሚበላው ማን እንደሆነ በየአገራችን እንዴት እናያለን?