ከፓይተን 2 ወደ ፓይተን 3፦ 11 ዓመት የፈጀ የመሣሪያ እድሳት



የዛሬው ርእሴ ለብዙዎቻችሁ የታሪክ ጉዳይ ላይመስል ይችላል። የሶፍትዌር ባለሙያ የሚሠራበት መሣሪያ በየጊዜው ይታደሳል፤ አዲሱን እትም መጫንም የአንድ ከሰዓት ሥራ እንደ ሆነ ይታሰባል። የፓይተን ቋንቋ ከ2ኛው ወደ 3ኛው እትም የተሸጋገረበትን መንገድ ስንመረምር ግን ከ11 ዓመት በላይ የፈጀ፣ ሰዎችንም ያደከመ ታሪክ እናገኛለን። ለዚህ መዘግየት ከቴክኒኩ ክብደት ይልቅ «ሸክሙን ማን ይሸከም?» የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሳይመለስ መቆየቱ ዋና ምክንያት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ዘመናቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ለውጡ ለምን አስፈለገ ለሚለው ከእኛው ፊደል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ሥርዓት ደግሞ እያንዳንዱ የግዕዝ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ በፓይተን 2 «ሰላም» የሚለውን ቃል በተራ አጻጻፍ አስገብቶ ርዝመቱን የጠየቀ ተማሪ 9 የሚል መልስ ያገኝ ነበር፤ ቋንቋው የሚቆጥረው ሆሄውን ሳይሆን ባይቱን ነበርና። ቃሉን ያለ ቦታው ቢቆርጠው አንዱ ሆሄ ተሰንጥቆ የማይነበብ ምልክት ይወጣል። ከጽሑፉ ፊት የላቲኗን «ዩ» ማስቀደምን የሚያውቅ ከዚህ ያመልጥ ነበር። ፓይተን 3 ዲሴምበር 3 ቀን 2008 ሲወጣ ጽሑፍንና ባይትን ለየ፤ መልሱም 3 ሆነ። በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚጽፍ ፕሮግራመር ግን ጥቅሙ እምብዛም አይታይም፤ የሚታየው ትናንት ይሠራ የነበረው ኮዱ ዛሬ እንቢ ማለቱ ነው። ጥቅሙ በአንዱ፣ ወጪው በሌላው ላይ መውደቁን ልብ በሉልኝ።

ሌሎች ለውጦችም ነበሩ። 7 ለ2 ሲካፈል 3 ይሰጥ የነበረው 3.5 መስጠት ጀመረ፤ «ፕሪንት» ቅንፍ የሚሻ ሆነ። አሮጌውን ኮድ ወደ አዲሱ የሚተረጉም «ቱ ቱ ስሪ» የተባለ መሣሪያ አብሮ ቀረበ። ሰው ግን አልተንቀሳቀሰም። የላይብረሪ ጸሐፊው ተጠቃሚዎቹ እስኪሻገሩ ይጠብቃል፤ ተጠቃሚው ደግሞ ላይብረሪው እስኪሻገር። በ2010 ፓይተን 2.7 ሲወጣ ብዙዎች ጎጆአቸውን እዚያው ቀለሱ።

ነገሩ የተለወጠው የቋንቋው ባለቤቶች ማዳመጥ ሲጀምሩ ነው። በ2012 በወጣው 3.3 እትም ያቺ የተወገደችው «ዩ» ተመለሰች። አንዳች ሥራ አልነበራትም፤ የተመለሰችው አንድ ኮድ በሁለቱም እትሞች መሮጥ እንዲችል ብቻ ነው። በ2014 የፓይተን 2 የድጋፍ ማብቂያ ከ2015 ወደ 2020 ተራዘመ። በ2015 ደግሞ 3.5 እትም ባይትን በመቶኛ ምልክት የማቀናበር ስልትን መለሰ፤ ይህም የኔትወርክ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች አጥብቀው የጠየቁት ነበር። ይህን ሁሉ እንደ ማፈግፈግ የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን በታሪኩ ውስጥ ከታዩት ውሳኔዎች ሁሉ እጅግ ብልህ የሆኑት እነዚህ ናቸው እላለሁ።

በሥራ ቦታስ? ኢንስታግራም በ2017 በፓይኮን ጉባኤ እንዳቀረበው፣ ሽግግሩን የጨረሰው በ10 ወር ገደማ ነው። ለሽግግሩ ተብሎ ለብቻው የቆየ የኮድ ቅርንጫፍ አልነበረም፤ ሁሉም በዋናው ኮድ ላይ የዕለት ሥራውን እየሠራ ነው የተሻገረው። አዲሱ እትም አስቀድሞ በፍተሻ ፕሮግራሞች ተፈተነ፤ ከዚያ ለራሳቸው ሠራተኞች፣ ቀጥሎ ለጥቂት ተጠቃሚዎች፣ በመጨረሻም ለሁሉም ደረሰ። የዚህ ዘዴ ትልቁ ዋጋ ለእኔ ፍጥነቱ አይደለም። ስህተት የሠራ ሰው ስህተቱን ከአለቃው ቁጣ ሳይሆን ከፍተሻው ውጤት ይሰማል፤ ጉዳቱም ገና ትንሽ ሳለ ይታረማል። ከቀድሞ ተማሪዎቼ ደጋግሜ የምሰማው ተቃራኒውን ነው፦ እድሳቱ ለአንድ ጀማሪ ይሰጣል፣ የሚያግዘው አይመደብም፣ አንድ ነገር ሲሰበር በስብሰባ ላይ ይወቀሳል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አሮጌውን እትም ለመንካት የሚደፍር አይገኝም።

ሸክሙ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲከማች ምን እንደሚሆን የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ራሱ አሳይቷል። ጁላይ 12 ቀን 2018፣ ፔፕ 572 በተባለ አዲስ የአጻጻፍ ሐሳብ ላይ ከተነሣው መራራ ክርክር በኋላ፣ ከመሪነቱ መልቀቁን አስታወቀ። ለአንድ ሐሳብ ያን ያህል ተሟግቶ ብዙ ሰው ውሳኔውን ሲንቅ ማየት እንደማይሻ ገልጾ፣ ተተኪም ሳይሾም ሄደ። ማኅበረሰቡ ወራት ፈጅቶ ስለ አስተዳደር ከመከረ በኋላ በ2019 አምስት አባላት ያሉትን መሪ ምክር ቤት መረጠ።

በዚያው ዓመት አዲስ እትም በየዓመቱ እንዲወጣ ተወሰነ፤ እያንዳንዱም አምስት ዓመት ድጋፍ ያገኛል። አንድ ነገር ከመወገዱ በፊት እንደ ደንቡ ቢያንስ በሁለት እትሞች ማስጠንቀቂያ ይሰጥበታል። «ዲስትዩቲልስ» የተባለው ክፍል ሊወገድ መሆኑ በ2021 በ3.10 ተነገረ፣ በ2023 በ3.12 ወጣ። ያ «ቱ ቱ ስሪ» የተባለው ተርጓሚም በ2024 ከ3.13 ተነሥቷል። የዛሬ ተማሪዎቼ ስሙን እንኳ አያውቁትም።