ስማችን የተቀረጸበት ወርቅ

ሐምቡርግ ውስጥ ለጨረታ ከቀረቡ ጥንታዊ ገንዘቦች መካከል አንዲት የወርቅ ሳንቲም ተመለከትሁ። በስፋቷ ከጠገራ ብር ብዙም አታንስም፤ ክብደቷ 35 ግራም ገደማ፣ ዋጋዋም በዘመኗ 10 ዱካት ነበር። በአንዱ ገጽ ባለ ሦስት ግንቡ የከተማይቱ በር፣ በሌላው መስቀል ተቀርጿል። ጀርመኖች «ፖርቱጋሎዘር» ይሏታል፤ ከተማይቱ በ16ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ያስመታቻት ነች። ዛሬ እንደ ልብ አትገኝም።

የሰሜን ጀርመን ከተማ በወርቋ ላይ የፖርቱጋልን ስም ምን አስጠራት? መነሻው ሌላ ሳንቲም ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ ከህንድ በተመለሰበት በ1499 (እ.ኤ.አ.) ንጉሥ ማኑኤል «ፖርቱጌዝ» የተባለውን ታላቅ የወርቅ ገንዘብ አስመታ። ወርቁ በብዛት ይጫን የነበረው በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ካለው የሚና ምሽግ ነው። በጥራቱ የተነሣ የሰሜን ነጋዴዎች ከማንኛውም ገንዘብ አብልጠው ይቀበሉት ነበር።

የዚያን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ማንበብ ለእኔ ከባድ አልነበረም፤ ሐኪም በምህጻረ ቃል መካከል የሚኖር ፍጥረት ነውና። ሦስት የላቲን ፊደላት የወረራን፣ የንግድንና የባሕር ጉዞን ጌትነት ያመለክታሉ። የማን ጌታ? ቀጥሎ የመጀመሪያው ስም «ኢትዮጵያ» ነው፤ ዓረቢያ፣ ፋርስና ህንድ ይከተላሉ።

በዚያ ዘመን አውሮፓውያን በዚህ ስም ሰፊውን የጥቁር ሕዝብ ምድር ሁሉ ይጠሩ እንደነበር አውቃለሁ። ይህ ግን አያጽናናኝም። የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው፤ የጌትነቱ ማዕረግ በወርቅ ላይ ታትሞ መዘዋወር ከጀመረ ከ15 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1541 ከክሪስቶቫን ዳ ጋማ ጋር የዘመቱት 400 ወታደሮች ለእኛ ደማቸውን ማፍሰሳቸውን አልክድም። ቢሆንም ማዕረጉ ከውለታው ቀድሟል።

ይበልጥ ያስደነቀኝ የሳንቲሙ ጀርባ ነው። በመስቀሉ ዙሪያ «በዚህ ምልክት ድል ትነሣለህ» የሚለው የቆስጠንጢኖስ ቃል ተጽፏል። የአክሱሙ ንጉሥ ምሐድይስ ይህንኑ ሐሳብ በግዕዝ በነሐስ ገንዘቡ ላይ ያስቀረጸው ግን ከማኑኤል አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነበር! «ጌታችሁ ነኝ» የሚለን ንጉሥ የተመካበት ቃል በእኛ ቋንቋ፣ በእኛ ገንዘብ ላይ አርጅቶ ነበር።

ሐምቡርግ ከዚህ ሁሉ የወሰደችው መስቀሉንና ሚዛኑን ነው። ንጉሡን አስወጥታ በሩን አስገባች፤ የማዕረጉን ዝርዝር ትታ «በፖርቱጋል ክብደትና ጥራት መሠረት» የሚል የጀርመንኛ ቃል አስቀረጸች። ነጋዴዎች ናቸውና የሚያሳስባቸው ወርቁ እንጂ የማን ምድር የማን ነው የሚለው ሙግት አልነበረም። እኔም ይህን ሁሉ እያወቅሁ መነጽሬን አውልቄ፣ ወደ መስታወቱ ተጠግቼ፣ ፊደላቱን አንድ በአንድ ዞርኋቸው። የአገሬ ስም አልነበረም።