ከመድረክ የሸሸው ተዋናይ

እ.ኤ.አ. በ1976 ለንደን ውስጥ፣ የዩጂን ኦኒል ተውኔት በይፋ ከመመረቁ በፊት በተደረገ የሙከራ ትርኢት ላይ፣ ኢያን ሆልምን ፍርሃት ያዘው። ቃለ ተውኔቱ ከአፉ ጠፋ። ሚናውን ለሌላ ትቶ ወጣ።

ጀማሪ ቢሆን ባልገረመን። ነገር ግን ይህ ሰው በሮያል ሼክስፒር ኩባንያ ሪቻርድ ሦስተኛንና ሄንሪ አምስተኛን የተጫወተ፣ በሃሮልድ ፒንተር «ዘ ሆምካሚንግ» እ.ኤ.አ. በ1967 ኒውዮርክ ላይ የቶኒ ሽልማት የተቀበለ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዐሥራ ሰባት ዓመታት ያህል፣ አንድ ጊዜ ብቅ ከማለቱ በቀር፣ ወደ ቲያትር አልተመለሰም።

እንጀራው ፊልም ሆነ። እዚያ የተሳሳተ ቃል ይደገማል፤ በጨለማ የተቀመጠ ተመልካችም የለም። ሆልም ቁመቱ አጭር ነው፣ መልኩም ከመንገደኛ አይለይም፤ ስለዚህ መሪ ሚና ብዙም አልደረሰውም። ቢሆንም በ«ኤሊየን» (1979) ሰው መሳዩን ሮቦት አሽን ሲጫወት፣ እኔን ከጭራቁ ይልቅ ያስፈራኝ እርሱ ነው።

ከሁሉ የማስበልጠው ግን «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» (1981) ላይ ያለውን አሠልጣኝ ሳም ሙሳቢኒን ነው። ዘመኑ 1924፣ ቦታው ፓሪስ፤ ሃሮልድ አብርሃምስ መቶ ሜትር ይሮጣል። በገንዘብ የሚያሠለጥን ሰው በጨዋዎቹ ዘንድ አይወደድምና፣ ሙሳቢኒ ስታዲየም አይገባም። በስታዲየሙ አቅራቢያ ካለ ክፍል ሆኖ በመስኮት ይጠብቃል። ሩጫውን አያይም። የእንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማ ከፍ ሲል፣ መዝሙሩም ሲሰማ፣ ድሉን ያውቃል፤ የገለባ ባርኔጣውንም በቡጢ ይበሳዋል። ሩጫ ለምንወድ ለእኛ፣ ከአሸናፊው ጀርባ ያለውን ሰው እንዲህ ያሳየን ሌላ ትዕይንት ስንት ነው? ሆልም በዚህ ሚና ለኦስካር ታጨ።

እ.ኤ.አ. በ1993 በአልሜዳ ቲያትር፣ በፒንተር «ሙንላይት» ተመለሰ። ሚናው አልጋ ላይ ሆኖ ሞቱን የሚጠብቅ ሰው ነበር (መድረክ ለሚፈራ ሰው ተኝቶ መመለስ ሳይሻል አይቀርም)። በ1997 ግን ንጉሥ ሊርን ሆነ፤ ያውም በብሔራዊ ቲያትር ትንሹ አዳራሽ፣ ተመልካች በቅርብ በተቀመጠበት። በማዕበሉ ትዕይንት ልብሱን ሁሉ አውልቆ፣ ዕርቃኑን በዚያ ሁሉ ዐይን ፊት ቆመ። በዓመቱ የኦሊቪየርን ሽልማትና የሰርነትን ማዕረግ ተቀበለ።

ወጣቶች የሚያውቁት በ2001 በተጫወተው በቢልቦ ባጊንስ ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀድሞ፣ በሸሸበት ዘመን፣ በቢቢሲ ሬዲዮ የዚያኑ ታሪክ ፍሮዶን በድምፁ ብቻ ተጫውቶ ነበር። ጁን 19 ቀን 2020 በ88 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ።