ዝቅ ወዳለ መኪና መግባትና መውጣት

ዝቅ ወዳለ መኪና መግባትና መውጣት ጉልበታቸው፣ ዳሌያቸው ወይም ወገባቸው እንደልብ ለማይታጠፍላቸው፣ የእግር ጡንቻቸው ለደከመ ወይም ሚዛናቸውን መጠበቅ ለሚቸግራቸው ሰዎች ከባድ ከሚባሉ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው። ችግሩ በአረጋውያን፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ባለባቸው፣ ስትሮክ ባጋጠማቸው፣ የዳሌ ወይም የጉልበት ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ሰዎችና በነፍሰ ጡሮች ላይ ይታያል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የሚያስተምሩት ዘዴ በአንድ መሠረታዊ ሕግ ላይ ያርፋል፤ ይኸውም «መጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያ መዞር» የሚለው ነው።

የችግሩ ምንጭ

ሰው ከተቀመጠበት ለመነሳት የሰውነቱን ክብደት ከመቀመጫው ወደ እግሮቹ ማዛወር አለበት። መቀመጫው ከጉልበት በታች ሲሆን የፊት ጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች የበለጠ ኃይል ማውጣት ይኖርባቸዋል። ከዱካ ላይ መነሳት ከወንበር ከመነሳት የሚከብደው በዚሁ ምክንያት ነው።

መኪና ይህን ችግር ያባብሰዋል። ጣራው ዝቅ ስለሚል ተሳፋሪው ያጎነብሳል፤ የበሩ ደፍ እግርን ከፍ ማድረግን ይጠይቃል፤ ወንበሩም ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። በተለምዶ ሰው አንድ እግሩን አስቀድሞ አስገብቶ ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል። ይህ ለአፍታም ቢሆን በአንድ እግር መቆምንና ወገብን መጠምዘዝን ስለሚጠይቅ ለመውደቅ ያጋልጣል። በሚኒባስ ታክሲ ዋናው ችግር ወደ ላይ መውጣት ሲሆን፣ በአውቶሞቢል ግን ዝቅ ማለትና ተመልሶ መነሳት ነው።

ዝግጅት

* አቋቋም፦ መኪናው ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጥቂት ራቅ ብሎ ቢቆም ተሳፋሪው መኪናው ባለበት ደረጃ አስፋልት ላይ መቆም ይችላል። ጠርዙ ላይ ከቆመና ጠርዙ 15 ሴንቲሜትር ከፍታ ካለው፣ ወንበሩ ለእሱ በ15 ሴንቲሜትር ዝቅ ያለ ያህል ይሆናል። ቦይ፣ ድንጋይ ወይም ጭቃ ያለበት ቦታ ተመራጭ አይደለም።
* የመንገድ ደኅንነት፦ በኢትዮጵያ ተሽከርካሪዎች በቀኝ ስለሚሄዱ ከትራፊኩ የሚርቀው በቀኝ በኩል ያለው በር ነው። የእጅ ፍሬን መያዝ አለበት።
* ወንበር፦ የጋቢናው ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳባል፤ መደገፊያው ትንሽ ይጋደማል፤ ከፍ የሚል ከሆነም ከፍ ይደረጋል።
* ልብስ፦ ጋቢ፣ ነጠላና ረጅም ቀሚስ እግር ሥር እንዳይገቡ ይሰበሰባሉ።

አገባብ

1. በሩ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ተሳፋሪው ጀርባውን ለወንበሩ ሰጥቶ፣ የወንበሩ ጠርዝ እግሩን ከኋላ እስኪነካው ድረስ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል።
2. አንድ እጁን በወንበሩ መደገፊያ፣ ሌላውን በዳሽቦርዱ ላይ ያሳርፋል። በሩ ስለሚንቀሳቀስ ክብደት አይጣልበትም።
3. ጣራው እንዳይመታው አገጩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል።
4. እግሮቹን አንድ በአንድ እያስገባ መላ ሰውነቱን ወደ ፊት ያዞራል። የደከመውን እግር በእጁ ከጉልበቱ ሥር ይዞ ማንሳት ይችላል።
5. ወንበሩ ለጉዞ ተስተካክሎ ቀበቶ ይታሰራል።

አወጣጥ

መውጣት ከመግባት ይከብዳል፤ ምክንያቱም ክብደትን ወደ ላይ ማንሳት ይጠይቃል። አንድ እግር ገና መኪናው ውስጥ እያለ ለመነሳት መሞከር የተለመደ ስህተት ነው። በትክክለኛው ቅደም ተከተል ወንበሩ እንደገና ወደ ኋላ ይሳባል፤ ተሳፋሪው ይዞርና ሁለቱንም እግሮቹን መሬት ላይ ያሳርፋል። ወደ ወንበሩ ጠርዝ ቀረብ ካለ በኋላ እግሮቹን ወደ ጉልበቱ ሥር ይስባል፤ ወደ ፊት ዘንበል ብሎም ወንበሩን በእጆቹ እየገፋ ይነሳል። ረጅም ጊዜ ተቀምጦ ሲነሱ የደም ግፊት ድንገት ወርዶ ራስ ሊያዞር ስለሚችል፣ ከመራመድ በፊት ጥቂት ቆሞ መረጋጋት ያስፈልጋል።

መርጃ ቁሳቁሶች

ቀላሉ መርጃ ፌስታል ነው። ወንበሩ ላይ ሲነጠፍ ሰበቃን ስለሚቀንስ መዞርን ያቀልላል፤ ሆኖም ፍሬን ሲያዝ ተሳፋሪውን ሊያንሸራትት ስለሚችል ከጉዞ በፊት መውጣት አለበት። ጠንከር ያለ ትራስ መቀመጫውን ከፍ ያደርጋል፤ በጣም ወፍራምና ለስላሳ ከሆነ ግን ቀበቶው ዳሌን በደንብ እንዳይዝ ያደርጋል። በሩ ሲዘጋ በሚቆለፍበት ቀለበት መሰል ብረት ላይ የሚሰካ ተንቀሳቃሽ እጀታም አለ፤ ተሳፋሪው እሱን ወደ ታች እየተጫነ ይነሳል።

ልዩ ሁኔታዎች

* የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ፦ በተለይ ቀዶ ሕክምናው ከኋላ በኩል ከተደረገ፣ ብዙ ሐኪሞች ለመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ዳሌ ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍ ይመክራሉ። በዚህ ጊዜ ከፍ ያለ መኪና ይመረጣል። ሌላ አማራጭ ከሌለ ወንበሩ በትራስ ከፍ ይደረጋል፤ ሲገባም ሆነ ሲወጣ የታከመው እግር ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ወደ ፊት ማጎንበስም አይገባም።
* ስትሮክ፦ የደከመውን ክንድ መጎተት የትከሻን መገጣጠሚያ ሊጎዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም።
* ተሽከርካሪ ወንበር፦ የወንበሩ ፍሬን ተይዞ፣ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል በሚዘረጋ ጠንካራ ጣውላ ላይ መንሸራተት ይቻላል። መኪናው ዝቅ ያለ ከሆነ መግባቱ ቁልቁል፣ መውጣቱ ግን ሽቅብ ስለሚሆን ሲወጡ ረዳት ሊያስፈልግ ይችላል።

የረዳት ሚና

ረዳት ተሳፋሪውን በእጁ ወይም በብብቱ ይዞ አይጎትትም። ቅርብ ቆሞ ተሳፋሪው ሲቀመጥ ጭንቅላቱን ከጣራው ይከላከላል፤ እግሩን በማስገባት ያግዛል፤ ሲነሳም ወገቡን ደገፍ ያደርጋል። መቼ እንደሚነሳና እንዴት መታገዝ እንደሚፈልግ የሚወስነው ተሳፋሪው ራሱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 20ም አካል ጉዳተኞች በተቻለ መጠን ራሳቸውን ችለው እንዲንቀሳቀሱ አገሮች እርምጃ እንዲወስዱ ያዛል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች።